ስለ አንዲት የከብት መጫኛ ጣቢያ፣ ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? የእማማ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አባባ፣ ዛሬ ስለ ባቡር ልጽፍልህ ነው። ከአውሮራ ወደ ካንሳስ ጭነት ሳደርስ ዲር ትሬል በምትባል ትንሽ የኮሎራዶ ከተማ በኩል አልፋለሁ። ነዋሪዋ አንድ ሺህ ገደማ ነው። አውራ ጎዳናው በጎኗ ስለሚያልፍ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። እኔ ግን ሐዲዱን ሳይ አንተ የሠራህበት ባቡርና አዋሽ ትዝ አለኝና ታሪኳን ማንበብ ጀመርኩ።

በዚህ ሜዳ ከባቡሩ በፊት የፈረስ ሠረገላ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1865 አንድ ድርጅት ከአቺሰን፣ ካንሳስ እስከ ዴንቨር ሰውና ዕቃ ማመላለስ ጀመረ። መንገዱ ስሞኪ ሂል ይባላል፤ እኛ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ጎዳና እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። በ1870 ባቡሩ ዴንቨር ሲገባ የሠረገላው ነገር አከተመ። ዲር ትሬልም ከብት የሚጫንባት ጣቢያ ሆነች።

ከብቱ ከሜዳው እየተነዳ መጥቶ ሐዲዱ ዳር በረት ይገባል። ከዚያ በእንጨት መወጣጫ ፉርጎ ላይ ይወጣል። አባባ፣ ይሄን ስማ፦ በ1873 የወጣው ሕግ ከብት ከ28 ሰዓት በላይ ሳይወርድ እንዳይጓዝ ከለከለ። ወርዶ ውሃ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ቢያንስ 5 ሰዓት ያርፋል። አንተ በሬ በሙቀት ፉርጎ ውስጥ ሲወድቅ እንዴት ትናደድ እንደነበር አልረሳሁም። እውነትህን ነበር።

እረኞቹም ጉደኞች ናቸው። ባቡሩ ሳይደርስ፣ ጁላይ 4 ቀን 1869፣ ያልተገራ ፈረስ ላይ ማን ይቆያል ብለው ተወዳደሩ። ሽልማቱ ሙሉ ልብስ ነበር። ከተማዋ እስከ ዛሬ በዓለም የመጀመሪያው ሮዲዮ፣ ማለት እንዲህ ያለው የእረኞች ውድድር፣ የእኔ ነው ትላለች።

በኋላ ከብቱ ወደ መኪና ዞረ። በ1965 ደግሞ ጎርፍ መጥቶ መሃል ከተማዋን ጠራረገው። ያም ሆኖ ታሪኳ ተጽፎ ስላለ እኔ፣ የሩቅ አገር ሰው፣ አነበብኩት። ስለ እኛ ጣቢያዎች ከብት ጭነት ፈልጌ ያገኘሁት ግን በጣም ጥቂት ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እባክህ እህቴ በስልኳ ድምፅህን ትቅዳ። ከአዋሽ ተነስተህ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም እያልክ ተናገር። በረቱ የት ነበር? ከብቱን ማን ያመጣ ነበር? አንድ ፉርጎ ስንት በሬ ይይዝ ነበር? አብረውህ የሠሩት በሕይወት ካሉ እነሱንም ጥራቸው። የቡናውን ወጪ እኔ እችላለሁ። እየሰማሁ እኔ እጽፈዋለሁ።

እማማን ሳምልኝ።

ልጅህ፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ