«ተራ» እና «ጠራ»፦ ለጎንደር ከተማ ከንቲባ ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ ወረፋ በስም እየተጠራ ስለሚያልፈን መስማት የተሳነን ነዋሪዎች

ክቡር ከንቲባ፣

ባለፈው ክረምት አንዲት ማኅተም ለማስመታት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ማመልከቻዬን በጠዋት አስገብቼ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ከእኔ በኋላ የመጡት ገብተው ወጡ። በሩ ለምሳ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ ወረቀቴን እያወዛወዘች መጣች፤ ለካ ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «የለችም» ተብሎ ከሥር ገብቷል። ጠዋት «አልሰማም፤ በእጅሽ ጥሪኝ» ብያት ነበር። መልሷን ከከንፈሯ አነበብሁት፦ «እየተናገርሽ እንዴት አትሰሚም?»

እናገራለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ማጅራት ገትር ጆሮዬን ሲወስድ አማርኛዬን ትቶልኛል። ከንፈር ማንበብ ግን ሰዎች እንደሚመስላቸው መጽሐፍ ማንበብ አይደለም። «ተራ» እና «ጠራ» በከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ «በራ» እና «መራ»ም እንዲሁ። ቃሉ ይጥበቅ ይላላ ከፊት ላይ አይታይም። ሠራተኛው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ሲያወራማ ያችው ግምቴም ትቀራለች።

አንድ ቃል ግን ተሳስቼ አላውቅም፦ «ደንቆሮ»። ጥሩምባውን ያልሰማሁለት የባጃጅ ሹፌር ይለኛል። እሱን አልቀየመውም፤ አለመስማትንና አለማወቅን በአንድ ስም የጠራው ቋንቋችን ነው። በየስብሰባው «ድህነትና ድንቁርና» ሲባል ማን የሚሸማቀቅ ይመስልዎታል?

እኔስ ቢያንስ እጽፋለሁ። ጓደኛዬ ስትወለድ ጀምሮ አትሰማም፤ የአፍ መፍቻዋ የምልክት ቋንቋ ነው፣ አማርኛ በትምህርት ቤት የለመደችው ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። «ጻፊልኝ» ቢሏት ሕመሟን ሁሉ በወረቀት መዘርዘር አይሆንላትም። ስለዚህ ሆዷን ሲያማት የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ ገባች። ሐኪሙ ስለ ወር አበባዋ ጠየቀ፤ ቀጥሎ ስለ ባሏ። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ አቀረቀረች። እናትየዋ የተጠየቀችውን ሳታውቅ የታዘዘላትን ክኒን ይዛ ወጣች። ልጅቷ እስከ ዛሬ አልነገረቻትም፤ እኔ የሰማሁት (ማለቴ ያነበብሁት) ከልጅቷ ነው።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 9 ሙያዊ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎችን በስም ይጠቅሳል፤ አንቀጽ 21 ደግሞ ሰው ከመንግሥት ጋር በሚኖረው ግንኙነት በምልክት ቋንቋ መጠቀም እንዲችል ይላል። በአንዳንድ አዳዲስ ሕንፃዎች ደጃፍ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ አያለሁ፣ ደስም ይለኛል። እኛ ግን እግራችን ደርሶ ነው የምንቀረው።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ለባለጉዳይ የተራ ቁጥር በወረቀት ይሰጥ፣ የደረሰው ቁጥር በጠመኔም ቢሆን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ይህ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ጆሮ ያላቸውንም ከበር ላይ ግፊያ ያድናል። ውሃ እንደሚቋረጥ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ከማራኪ እስከ አዘዞ እየዞረ ሲናገር፣ ያው መልእክት ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ እኔ ጀሪካኔ ባዶ መሆኑን የማውቀው ቧንቧው ሲደርቅ ነው። ለጸጥታ አስከባሪዎችም ይነገርልን፤ በምሽት ከኋላዬ «ቁሚ!» ቢሉኝ የምሄደው ንቄ አይደለም።

ገንዘብ የሚያስወጣው አስተርጓሚ መቅጠር ነው። ለእያንዳንዱ ቢሮ አንድ አልልም። ለከተማው አንድ ሰው ተቀጥሮ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ለምሳሌ ማክሰኞ ጤና ተቋማት፣ ሐሙስ የአስተዳደር ቢሮዎች። ጓደኛዬ ሕመሟን እስከ ማክሰኞ ማቆየት ትችላለች፤ ልጇን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ግን አትፈልግም። ባለሙያ የለም እንዳይባል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

አድራሻዬን ከማመልከቻው ጋር ለመዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። መልሱ በጽሑፍ ይሁንልኝ፤ በስልክ ቢደወልልኝ አላነሳም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የማራኪ ነዋሪ