የልጆች የትውልድ ዘመን በስልክ ላይ በትክክል ይሞላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ለሆነችው ልጄ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ያገለገለ ስልክ ገዛሁላት። ሻጩ እንደተለመደው የጎግል አካውንት እዚያው ከፍቶ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ጭኖ አስረከበኝ። የትውልድ ጊዜዋን ሲጠይቀኝ ጥር 2007 ዓ.ም. አልሁት፤ እርሱም እንደነገርሁት ሞላው።

ጎግል ግን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆኑ፣ በትክክል 2015 ተብሎ መሞላት የነበረበት ዘመን 2007 ተብሎ ስለተመዘገበ የ11 ዓመቷ ልጄ በስልኳ ላይ የ19 ዓመት ወጣት ሆና ቀረች። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የትውልድ ዘመን ሁሉ፣ እንደ ልደቱ ወር፣ በልጁ ዕድሜ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል። ይህ ቀላል የጽሕፈት ስሕተት አይደለም። ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በወላጅ ቁጥጥር ሥር የሚከፈት አካውንት ወሲባዊ ይዘት ያላቸውን ውጤቶች ከፍለጋው የሚያስወግደው ሴፍሰርች የተባለው ማጣሪያ ከመጀመሪያው በርቶ ይጠብቀዋል፤ ለአዋቂ ግን ማጣሪያው እንዲህ ያለውን ፎቶ ቢያደበዝዘውም ሲነኩት እንዲከፈት ይተወዋል። ልጄም ለሳይንስ የቤት ሥራዋ ሥዕል ስትፈልግ የገጠማት ይኸው ነው። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ዝም አለች። እኔን ያስደነገጠኝ ካየችው ይልቅ ዝምታዋ ነበር።

የትውልድ ዘመኗን አስተካክዬ፣ ፋሚሊ ሊንክ በተባለው መተግበሪያ አካውንቷን ከእኔ ስልክ ጋር አገናኘሁት። አሁን አዲስ መተግበሪያ ለመጫን ስትፈልግ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል፤ ማታም ስልኩ በወሰንሁት ሰዓት ይቆለፋል። ሻጩ ያወጣውን የይለፍ ቃልም ቀየርሁት፤ የልጅን አካውንት መክፈቻ ባዕድ ሰው እጅ መተው እንደማይገባ ያን ዕለት ነው ልብ ያልሁት።

ሴፍሰርች የሚሠራው በጎግል ፍለጋ ላይ ብቻ ስለሆነ በቴሌግራም ቻናል የሚለቀቀውን አያግድም። ለዚህ ወላጅ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ የምትከታተላቸውን ቻናሎች አብሮ ከማየት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። የታገደን ገጽ በሌላ መንገድ የሚያስከፍተው ቪፒኤን የተባለው መተግበሪያም ሌላው ቀዳዳ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በተገደቡበት ወቅት ብዙዎቻችን ቪፒኤን ስንጭን ልጆቻችን አጠገባችን ሆነው ይማሩ ነበር፤ በቤት ዋይፋይ ላይ የተደረገ ማጣሪያ በዚያው በኩል እንደሚታለፍ ዛሬ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። በፋሚሊ ሊንክ የመተግበሪያ ፈቃድን በራሴ እጅ ያደረግሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጋዜጣዎ የአካውንት አከፋፈቱን ሂደት ደረጃ በደረጃ በአማርኛ ቢያትመው ለብዙ ወላጆች ይደርሳል፤ ትምህርት ቤቶችም በወላጆች ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡት መልካም ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምነው ግን የፒያሳንና የመርካቶን ስልክ ሻጮች ነው። አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት ስልኩ የሚገዛው ለልጅ መሆን አለመሆኑን፣ የተነገራችሁም የትውልድ ዘመን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እባካችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከአራት ኪሎ