ለቅዳሜ ውይይታችን

ሰላም የንባብ ጓደኞቼ፣

ለቅዳሜ የቶልኪንን «ሁለቱ ማማዎች» (1954 እ.ኤ.አ.) የጠንቋዩ የሳሩማን ምሽግ አይዘንጋርድ እስከሚፈርስበት ድረስ አንብባችሁ ኑ። በሮሃን መንግሥት ጦርነት ላይ ብዙ አንቆይም፤ እሱን አብዛኞቻችሁ በፊልም አይታችሁታል። ይልቅ የአይዘንጋርድን ግቢ ልብ በሉ፦ ዛፉ ተመንጥሮ በቦታው በሰንሰለት የተያያዘ የብረት ምሰሶ ቆሟል፣ ከመሬት በታች መዶሻ ይደልቃል፣ ሌሊት ከየጉድጓዱ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ሳሩማን ኃያሉን የአስማት ቀለበት ከተመኘ ወዲህ ዛፍ ለእሱ ማገዶ ብቻ ነው። እኔን ያሳቀኝ ግን የክፉውን ገዥ የሳውሮንን አገር የሞርዶርን ምሽግ ኮርጆ የራሴ ፈጠራ ነው ማለቱ ነው!

ቶልኪን ልጅነቱን ያሳለፈበት በበርሚንግሃም አጠገብ ያለ ገጠር፣ ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ሲበላሽ ማየቱን በኋላ በጻፈው መቅድም ላይ አንስቷል።

መጽሐፉን ያላገኛችሁ ንገሩኝ፣ አንድ ትርፍ አለኝ። ቡናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈላል።