አንድ ጓሮ ውስጥ ስለሚኖሩ ሁለት ዓይነት ዝንቦች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስለ ዝንብ ስጽፍልህ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሌሊቱን ያጋመስንበትን ክርክር ካልረሳኸው ምክንያቱ ይገባሃል። አንተ «ተራራ ወይም ባሕር በመካከል ካልገባ አንድ ዝርያ ለሁለት አይከፈልም» ብለህ ድርቅ አልክ፤ እኔም መልስ አጥቼ ተኛሁ።

መልሱን ያገኘሁት እዚህ ሚሺጋን፣ ከተከራየሁት ቤት ጓሮ ነው። ባለፈው ሳምንት ከዛፉ ሥር ከወደቁት ፖሞች አንዱን በቢላ ብሰነጥቀው፣ ውስጡ ቡናማ መስመር እየሠራ ተቦርቡሮ፣ በመስመሩ ጫፍ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ነጭ ትል ስትላወስ አየሁ። እናቷ ከቤት ዝንብ የምታንስ፣ ክንፏ ላይ ጥቁር ጥለት ያላት ዝንብ ናት።

ይህች ዝንብ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ስትሆን፣ ከጥንት ጀምሮ እንቁላሏን የምትጥለው ሀውቶርን የሚባለው እሾሃማ ዛፍ በሚያፈራቸው ቀያይ ጥቃቅን ፍሬዎች ውስጥ ነበር። ፖምን ከባሕር ማዶ ያመጡት አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ናቸው፤ ዝንቧ ፖም ማበላሸቷ የተሰማው ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በኒውዮርክ ሀድሰን ሸለቆ ነው። በኢሊኖይ ይኖር የነበረው የነፍሳት ተመራማሪ ቤንጃሚን ዋልሽ፣ ከዳርዊን ጋር የሚጻጻፍ ሰው (እንደ እኔ ዝምታ የማያበዛ መሆን አለበት)፣ የሚመገቡትን ተክል መለወጥ አዲስ ዝርያ ሊያስገኝ እንደሚችል ያኔውኑ ጽፎ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነው። ፖም ከሀውቶርን ሦስት አራት ሳምንት ቀድሞ ይበስላል፤ ዝንቧ ደግሞ ክንፍ ካወጣች በኋላ ዕድሜዋ ከአንድ ወር ብዙም አይዘልም። በዓመት የሚወለደው አንድ ትውልድ ብቻ ሲሆን፣ ክረምቱን (የበረዶውን ማለቴ ነው፣ የሐምሌውን አይደለም) አፈር ውስጥ ተሸፍኖ ካሳለፈ በኋላ የፖሙም ሆነ የሀውቶርኑ ዝንብ የራሱ ፍሬ የሚደርስበትን ወቅት ጠብቆ ይወጣል። ወንዱ ሴቷን የሚጠብቀው ፍሬው ላይ ተቀምጦ፣ የሚገናኙትም እዚያው በመሆኑ፣ ለእርሷ ፍሬ መምረጥ ባል መምረጥ ነው።

ፍሬውን የምትለየው ደግሞ በዋናነት በጠረኑ ነው። ተመራማሪዎች ንፋስ በሚነፍስበት ቱቦ ውስጥ ሲፈትኗቸው፣ የፖሞቹ ወደ ፖም ሽታ፣ የሀውቶርኖቹም ወደ ሀውቶርን ሽታ አቅንተው በረሩ፤ ከሁለቱ የተዳቀሉት ግን አብዛኞቹ ለየትኛውም ሽታ እንደ ወላጆቻቸው ምላሽ አልሰጡም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ይህ ነው፤ ድቅሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ተመራማሪው ጄፍሪ ፌደርና ባልደረቦቹ ሁለቱ ወገኖች በዘረ መል ጭምር እንደሚለያዩ አሳዩ፤ ጥናታቸውንም ያካሄዱት እዚሁ ሚሺጋን ውስጥ ነበር። ይሁን እንጂ በየትውልዱ ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆን መቀላቀል አሁንም ስላለ፣ «ጨርሰው አልተለያዩም» ብትለኝ አልሟገትህም፤ ግማሹን ለቅቄልሃለሁ። ሌላውን ግማሽ ግን አልለቅም፤ የዝንቧን ትል እየፈለገች እንቁላሏን የምትጥልበት ጥገኛ ተርብ እንኳ ዝንቧን ተከትላ ለሁለት መከፈል ጀምራለችና።

አጥሩ ሥር ያለው ሀውቶርን ገና አረንጓዴ ነው፤ መስከረም አልፎ ሲቀላ ከፍሬው ጥቂት ሰንጥቄ ያገኘሁትን እጽፍልሃለሁ። አንተ ግን እስከዚያ አትጠብቅ፤ መልስህን ቶሎ ላክልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ