ከሐረጎ በላይ፦ የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ውሎ

የክበባችን ዓመት የጀመረው በክርክር ነው። ጥቅምት ላይ ምዝገባ ስንከፍት 31 ተማሪዎች መጡ። አብዛኞቹ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ የወታደር ሲሙሌሽን (እውነተኛውን የሚያስመስል) ጨዋታ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ክረምቱን አዲስ አበባ አጎቱ ቤት ሲያሳልፍ አርማ 3ን ሞክሮ መጥቷል። ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ የተባለ የቼክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጨዋታ ነው። ልጁ ሲያወራ ሁሉም ከብቦ ያዳምጣል። «ቲቸር፣ ዝም ብሎ መተኮስ አይደለም። ለመንበርከክ ሌላ ቁልፍ፣ በደረት ለመተኛት ሌላ ቁልፍ፣ ካርታ ለማውጣት ሌላ። ትንፋሽ ለመያዝ እንኳ ቁልፍ አለው። የመጀመሪያውን ቀን ከካምፑ ሳልወጣ መሸብኝ» አለኝ።

የያዘችኝ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። አንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ እምቢ ያለውን ነገር ዓይኑ እያበራ ሲያወራ ማየት በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገጥመንም። ይህን ጉጉት መበተን አልፈለግሁም።

ግን ሁለት ችግር ነበረብን። አንደኛው የኮምፒውተሮቹ ነገር ነው። የሚሠሩት 8 ናቸው፤ ሁሉም የቆዩ ናቸው። እንዲህ ያለ ከባድ ጨዋታ አይሸከሙም። ሁለተኛው የራሳችን ነገር ነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ኮምቦልቻ ሲገባ የክበባችን የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች 7ኛ ክፍል ነበሩ። ክርክሩ ሲጋጋል ከእነሱ አንዷ እጇን አወጣች። «ጥይት የሚጮህበት ከሆነ እኔ አልመጣም» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንም አልተከራከራትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተስማማን። ከባዱን መቆጣጠሪያ እንይዛለን፤ ጥይቱን እንተዋለን። የመረጥነው ፍላይትጊር የተባለውን የበረራ ሲሙሌተር ነው። በነጻ ይገኛል። በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከ20 ዓመት በላይ ሲሠሩት ኖረዋል፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። የኢትዮጵያን መልክዓ ምድር ጨምሬ አወረድኩትና በፍላሽ ይዤ መጣሁ። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

አጀማመራችን ግን ትክክል አልነበረም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። የቁልፎቹን ዝርዝር ሁለት ገጽ አትሜ ለሁሉም አደልኩ። «ለሳምንት አጥንታችሁ ኑ» አልኩ። አጥንተው መጡ። ጠየቅኋቸው፤ መለሱ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጡ ጣታቸው ደነዘዘ። የበቃለት ልጅ እንኳ ሞተሩን አስነስቶ መንደርደሪያውን ስቶ ሣር ውስጥ ገባ። ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። ሰባት ልጆች ክበቡን ትተው ቀሩ። አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እንደቀረ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ ሁሉንም ቁልፍ አውቀዋለሁ፤ የቱን መቼ እንደምነካ ግን አላውቅም» አለኝ።

ወረቀቱን ሰብስቤ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ከዚያ ከመሬት ጀመርን። አውሮፕላናችን ሴስና 172 ነበር፤ አንድ ሞተርና አራት ወንበር ያላት ትንሽ አውሮፕላን። ለመጀመሪያው ሳምንት መብረር ከለከልኩ። የምንነካው አምስት ቁልፍ ብቻ ነው። ፔጅ አፕ የሞተሩን ኃይል ይጨምራል፣ ፔጅ ዳውን ይቀንሳል። ቢ ፍሬን ነው። በኪቦርዱ ቀኝ ጠርዝ ካለው የቁጥር ሰሌዳ ደግሞ ዜሮ የጭራውን መሪ ወደ ግራ፣ ኢንተር ወደ ቀኝ ያዞራል። ሥራው መንደርደሪያው ላይ ቀስ ብሎ መንዳት፣ መታጠፍ፣ መቆም ነው። «አውሮፕላን ብለው ባጃጅ አስነዱን» ብለው አጉረመረሙ። ግን በዚያች ሳምንት አንድ ትልቅ ነገር ገባቸው። ሁሉም መጀመሪያ ለመታጠፍ የሚነኩት የቀስት ቁልፎቹን ነው። መሬት ላይ ቀስቱ አውሮፕላኑን አያጥፈውም፤ ክንፉ ላይ ያለውን ክፍል ብቻ ያንቀሳቅሳል። መሬት ላይ የሚያጥፉት የጭራ መሪው ቁልፎች ናቸው፤ የፊት ጎማውንም አብረው ያዞራሉ። ይህን ከዝርዝሩ አንብበውት ነበር። የገባቸው ግን ሣሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ቀስቶቹ መጡ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰነበትን። የመኪና ውድድር ጨዋታ የለመደ ልጅ ቁልፉን ሲለቅ መሪው ራሱ የሚመለስ ይመስለዋል። በዚህ ሲሙሌተር አይመለስም። የግራ ቀስትን ሦስት ጊዜ ከነካህ ክንፉ ላይ ያለው ክፍል ባዘዝከው ልክ እንደዞረ ይቆያል። አንተ ለቅቀሃል፤ አውሮፕላኑ ግን ማጋደሉን ይቀጥላል። ልጁ ይደነግጣል፤ ቀኙን አሥር ጊዜ ይደበድባል፤ አሁን ደግሞ በሌላው ጎን ይገለበጣል። መፍትሔዋ በቁጥር ሰሌዳው መሐል ላይ ያለችው 5 ናት። እሷን ስትነካ መሪው ሁሉ መሐል ይገባል። «አምስት!» የሚለው ጩኸት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከክፍላችን አልጠፋም። አንዳንዱ ልጅ ፈተና ሲከብደውም «አምስት ንካ» መባል ጀመረ።

ፊደሉን ትልቅ ስለሚያደርገው ቁልፍ፣ ስለ ካፕስ ሎክም ልንገራችሁ። በዚህ ሲሙሌተር ትንሹ ቢና ትልቁ ቢ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትንሹ እግርህ ሥር ያለው ፍሬን ነው፤ ስትለቀው ይለቃል። ትልቁ የማቆሚያ ፍሬን ነው፤ አንዴ ከነካኸው ይዞ ይቀራል። አንድ ልጅ ሞተሩን እያስጮኸ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከቦታው ሳይነቃነቅ ዋለ። ላቡ መጣ። «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ብሎ ሊነሳ ሲል አጠገቡ የነበረች ልጅ ኪቦርዱ ላይ የበራችውን ትንሽ መብራት በጣቷ አሳየችው። ካፕስ ሎክ በርቷል። ፍሬን ለመንካት ሲያስብ የማቆሚያውን ፍሬን ነበር የቆለፈው።

የክበባችን አሠራር የመጣው ከዚህች ቀን ነው። የቀሩት 24 ልጆች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሦስት። አንዱ አብራሪ፣ አንዱ አንባቢ፣ አንዱ መዝጋቢ ሆኑ። በየ15 ደቂቃው ይቀያየራሉ። አንባቢው ቼክሊስት ከሚባል የመፈተሻ ወረቀት ላይ ይጠይቃል፤ አብራሪው አይቶና ነክቶ ይመልሳል። «ነም ሎክ?» (የቁጥር ሰሌዳውን የሚያበራው ቁልፍ ነው) «በርቷል።» «ካፕስ ሎክ?» «ጠፍቷል።» «የማቆሚያ ፍሬን?» «ተፈቷል።» የእውነት አብራሪዎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ለብዙ ዓመት የበረረ ካፒቴን ቼክሊስቱን በቃሉ ቢያውቀውም ይነበብለታል። መዝጋቢው ደግሞ አውሮፕላኑ ሲወድቅ ማን እንደጣለው አይጽፍም። ከመውደቁ በፊት የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁልፎች የትኞቹ እንደነበሩ ነው የሚጽፈው። እነዚህ ደብተሮች ከማንኛውም መመሪያ የበለጠ አስተምረውናል።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ጊዜ ጠፍቷል። አንድ ቀን ልጆቹን ወደ ቤት ከመስደድ የዘይት ካርቶን ቀድጄ በማርከር ኪቦርድ ሣልኩ። አብራሪው ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንባቢው «ኃይል ጨምር፣ ትንሽ የቀኝ መሪ፣ 55 ኖት፣ አፍንጫ አንሳ» እያለ ይጠራል (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው)፤ ጣት ካርቶኑ ላይ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት መብራት ሲመጣ ልጆቹ ኪቦርዱን ሳያዩ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው በረሩ። ከዚያ ወዲህ መብራት ቢኖርም መጀመሪያ ካርቶን ሆነ።

የቀኝ መሪው ነገር ደግሞ ጥሩ የፊዚክስ ትምህርት ወጣው። ሴስና ሙሉ ኃይል ሲሰጣት አፍንጫዋ ወደ ግራ ይሄዳል። ልጆቹ ይህንንም የኪቦርድ ብልሽት ነው ብለው ነበር። ምክንያቱ የፊት ማራገቢያው መሽከርከርና ወደ ኋላ የሚገፋው አየር ነው። ስለዚህ ለመነሳት ሲንደረደሩ ኢንተርን በትንሽ በትንሹ መንካት ግድ ነው።

አሁን በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ወዳለው ተራራ፣ ወደ ሐረጎ እንምጣ።

በኅዳር መጨረሻ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መነሳት ጀመርን። የራሳችን ሜዳ ስክሪን ላይ ሲወጣ የነበረውን ጩኸት የጎረቤት ክፍል መምህራን ያስታውሱታል። የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ገና ሳንነሳ ነው። «ቲቸር፣ መሬት ላይ ቆመን ከፍታ ጠቋሚው ለምን 6,100 ጫማ ይላል?» የሚለካው ከባሕር ጠለል ነው። ሜዳችን ወደ 1,860 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ17 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። የሴስናዋ ሞተር 160 የፈረስ ጉልበት አለው የሚባለው ባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ ጋ ያንን አይሰጥም፤ ክንፉም በሳሳ አየር ውስጥ ቶሎ አይነሳም። ስለዚህ መንደርደሩ ይረዝማል። ነዳጁም ለአየሩ ስለሚበዛ በትልቁ ኤም ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህች አንዲት ቁልፍ ዝርዝሩ ውስጥ ሳለች ማንም ልብ ብሏት አያውቅም ነበር።

ከተነሱ በኋላ ሁሉም አፍንጫውን ወደ ደሴ አዞረ። ሁሉም ሐረጎ ላይ ተላተመ። በአውቶቡስ መስኮት የሚያውቁትን ጥምዝምዝ መንገድ አሁን እንደ ግድግዳ ፊታቸው ቆሞ አዩት። ሲደነግጡ የታች ቀስቱን ይዘው አፍንጫውን ወደ ላይ ይስቡታል። አፍንጫው ሲነሳ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፤ አውሮፕላኑ ይወድቃል። ከመዝጋቢዎቹ ደብተር የቆጠርነው 19 ውድቀት ነው፤ በሁሉም የመጨረሻው ቁልፍ ያው የታች ቀስት ነበር። ሰሌዳው ላይ ስንጽፈው እነሱ ራሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ ዝም ብለው ማሰብ ጀመሩ።

ያሻገረችን ጥይት አልፈልግም ያለችው ልጅ ናት። ተነስታ ወደ ደሴ አልዞረችም። በቦርከና ሸለቆ ላይ እንደ አሞራ መዞር ጀመረች። ፍጥነቷን ከ70 ኖት በታች አላወረደችም። አንባቢዋ ከፍታውን ይጠራል፦ 7,000፣ 8,000። ሌሎቹ የራሳቸውን ትተው ከኋላዋ ተሰበሰቡ። ከ10 ደቂቃ በላይ ዞራ 10,000 ጫማ ስትደርስ ሐረጎን ከበላይ አለፈችው። ጦሳ በስተግራ፣ ደሴ ከሥር ታየ። ቤቶቹ ስክሪኑ ላይ አይለዩም፤ ተራራው ግን ራሱ ነው። የደሴ ልጅ የሆነ አንዱ «ወላሂ ሰፈሬ ነው!» ብሎ ጮኸ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወንዶቹ የጥቅምቱን የወታደር ጥያቄያቸውን ይዘው ተመለሱ፤ አሁን የፈለጉት የወታደር አውሮፕላን ነበር። ትክክል ነበሩ፤ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ኸርኩሊስ የሚባለውን ሲ-130 መረጥኩላቸው። አራት ሞተር ያለው ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላን ነው፤ መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የመረጥኩበት ምክንያት የእኛው ታሪክ ነው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ኸርኩሊሶች ለሰሜኑ ሕዝብ እህል አመላልሰዋል። ማረፊያ በሌለበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያውን ያለ ፓራሹት ጥለዋል። ስለዚያ ዘመን ቤት ጠይቃችሁ ኑ አልኳቸው። አውሮፕላን ያስታወሰ አያት አላገኘንም። የስንዴ ሰልፉን ያላስታወሰ ግን አልነበረም። አንዱ ልጅ አያቱ የነገሩትን ጽፎ መጥቶ ሲያነብ ድምፁ ተያዘ፤ ጓደኛው ተቀብሎ ጨረሰለት።

አራት ሞተር ማለት አዲስ ችግር ማለት ነው። ሺፍትን ይዘህ ከ1 እስከ 4 ያለውን ቁጥር ስትነካ አንዱን ሞተር ብቻ ትመርጣለህ። ከዚያ በኋላ ፔጅ አፕ የሚታዘዘው ለመረጥከው ብቻ ነው። የግራ ጠርዙን ሞተር ስንቀንሰው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይጎተታል፤ በቀኝ መሪ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ቶሎ ቻሉት። የከበዳቸው መመለሱ ነው። ሁሉንም ሞተር መልሶ የሚመርጠውን ቁልፍ ይረሳሉ። ኃይል እንጨምር ሲሉ አንድ ሞተር ብቻ ይጨምርና አውሮፕላኑ ይጠመዘዛል። ከዚያ አንባቢዎቹ ራሳቸው ቼክሊስቱ ላይ አንድ መስመር ጨመሩ፤ «ማን ተመርጧል?» እኔ አላዘዝኳቸውም።

የካቲት ላይ ዓቢይ ጾምና ረመዳን አብረው ስለገቡ ክበቡን ከሰዓት ወደ ጠዋት አዛወርነው። የቀረ ልጅ አልነበረም።

በወላጆች ቀን ሦስት ልጆች ኸርኩሊሱን አሳዩ። አንባቢው ያ አርማ 3ን ያወራልን የ11ኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ አብራሪዋ የሐረጎዋ ልጅ። እኔ ከኋላ መጥቼ ሳልነግራቸው አንድ ሞተር ቀነስኩባቸው። እሱ ድምፁን ሳይጨምር «ማን ተመርጧል?» አለ። እሷ አየች፤ መለሰች፤ ያዘችው።

አዲስ የሚመዘገቡ ልጆች መስከረም ላይ ስማቸውን ያስይዙ። ጆይስቲክ ያለው የቀድሞ ተማሪ ካለ ሁለት ቢያውሰን ደስ ይለናል። የካርቶን ኪቦርዶቹን አልጣልናቸውም፤ ቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው።