ፌስታሉ መጀመሪያ ፌስታልነቱን ይጨርስ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ፌስታል ድጋሚ አጠቃቀም ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እዛ ላይ የደረደራችኋቸው አበባ፣ የፍሬም ማስጌጫ፣ የመጋረጃ ዘርፍ ምናምን እኔን አላሳመኑኝም። የፌስታል አበባ ትንሽ ጊዜ አቧራ ሲጠጣ ይቆይና መሄጃው ያው ቆሻሻ ነው፣ ያውም ሙጫና ሽቦ ተጨምሮበት። በፊት ንጹህ ፕላስቲክ የነበረው አሁን ሪሳይክል የሚያደርግ ሰው እንኳን የማይቀበለው ድብልቅ ሆነ ማለት ነው፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ፈጠራው?

እኔ የምለው ፌስታል መጀመሪያ ፌስታልነቱን ይጨርስ ነው። ሳይቀደድ ደጋግሞ እቃ ይያዝበት፣ ከዛ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንደ ላስቲክ ይነጠፍ፣ ይሄ ለፎቶ ስለማያምር ማንም አይጽፈውም እንጂ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የአየር ንብረት ጫናውን ብቻ ካየን፣ የጥጥ ቦርሳ አንዴ ይዘውት ከሚጥሉት ስስ ፌስታል ጋር እኩል ለመሆን 131 ጊዜ መያዝ አለበት፣ ፌስታሎቹ በሙሉ ለቆሻሻ ቅርጫት ከዋሉ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 327 ይወጣል። ምክንያቱም ለቅርጫቱ ተብሎ ሌላ አዲስ ላስቲክ አልተገዛም። (ሜዳና ውሃ ውስጥ የሚጣለው ፌስታል የሚያመጣው ጣጣ እዚህ ስሌት ውስጥ የለም፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።)

ደግሞ ፌስታል ድጋሚ ወደ ገበያ የማይመለሰው ተጨብጦ መሳቢያ ውስጥ ስለሚወረወር ነው፣ የተጨበጠ ነገር ማን ኪሱ ይከታል። ጠረጴዛ ላይ አንጥፋችሁ አየሩን በእጅ አውጡት፣ በቁመቱ ሁለቴ እጠፉትና ረጅም ቀጭን ጥብጣብ ሲሆን ከታች ጀምራችሁ በሦስት ማዕዘን እያገላበጣችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ ጫፉን የመጨረሻው እጥፋት ውስጥ ወትፉት። ክብሪት ቀፎ የሚያክል ነገር ይሆናል፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ መኖሩም አይታወቅ።

አሁን ወደ እጅ ስራው ልምጣ፣ እኔም ፈጠራ ጠልቼ አይደለም። በመጀመሪያ ጨብጣችሁ አዳምጡት፣ ኮሽ ኮሽ የሚለው ስሱ ሃይ ዴንሲቲ ፖሊኤቲሊን የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው፣ ለስለስ ብሎ ሲጎትቱት የሚለጠጠው ሎው ዴንሲቲው ነው። ፌስታልን ቆራርጦ ክር ለማድረግ የሚሆነው ኮሽ ኮሽ ባዩ ነው። እና የፌስታሉ አሰራር ራሱ ስራውን ያቀልላችኋል፣ ስዊድናዊው ኢንጂነር ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሰራውና በ1965 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፓተንት የተሰጠው ፌስታል ማለት ዝም ብሎ ቱቦ ነው፣ ታቹ በሙቀት ተጣብቆ ላዩ መያዣ እንዲሆን የተቆረጠ። ስለዚህ መያዣውንና የታችኛውን ስፌት ቆርጣችሁ ስታወጡ የቀራችሁ ክፍት ቱቦ ነው፣ እሱን አጋድማችሁ በሦስት በሦስት ሴንቲሜትር ስትቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ቀለበት ይሆናል። አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ አሳልፋችሁ በራሱ ጉሮሮ መልሳችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ቀስ ብላችሁ ነው ያልኩት፣ ከቸኮላችሁ ቋጠሮው ጋ ይበጠሳል። እንዲህ እየቀጠላችሁ ስትጠቀልሉት ልቃቂት ይወጣዋል፣ ከዛ በወፍራም የኪሮሽ መርፌ እንደ ማንኛውም ክር ይሰራል። የበር ምንጣፍ፣ የሳሙና ማስቀመጫ፣ የገበያ ዘንቢል ይወጣዋል፣ ውሃ አይመጥም፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። ትዕግስት ያለው ሰው የመኝታ ምንጣፍም ይሰራበታል፣ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን ምንጣፍ ከ500 እስከ 700 ፌስታል እንደሚፈጅ አውቆ ይግባበት፣ ብቻውን ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ቢሆን ይሻላል። ጸሀይ ላይ ግን አይሰጣ፣ ጸሀይ ሲመታው ይደርቅና ይፈረፈራል።

ሌላው ሰው የሚወደው ካውያ መተኮሱን ነው፣ ስድስት ሰባት ፌስታል ደራርቦ በመጋገሪያ ወረቀት መሀል አድርጎ ሲተኩሱት እንደ ሸራ ጠንካራ ይሆናል፣ ቦርሳ ይሰፋበታል። ይሰራል፣ እውነት ነው፣ ግን ይሄ ፕላስቲክ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ካውያው ትንሽ ከበዛበት ይበሳሳል ይጨሳል፣ መስኮት ሳይከፍቱ ባይሞክሩት ደስ ይለኛል። መልኩ ይታይ ብላችሁ ጽሁፍ ያለበትን ጎን ወደ ውጪ ካደረጋችሁትም ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ትንንሾቹን ጥቅሞች ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። ግድግዳ ቀለም እየቀባችሁ ለነገ ካደረ ብሩሹን ሳታጥቡ በፌስታል ጠቅልላችሁ አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ጠዋት እንደረጠበ ታገኙታላችሁ (የውሃ ቀለም ከሆነ)። የሻወሩ ቀዳዳዎች በውሃ ዝቃጭ ከተደፈኑ አቼቶ ፌስታል ውስጥ ጨምራችሁ የሻወሩን ጭንቅላት እንዲያጠልቀው አድርጋችሁ በክር እሰሩና ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ወርቅማ ቅብ ያለው ከሆነ ግን አቼቶ ቅቡን ሊበላው ስለሚችል ይቅር። እግሩ ጀሶ የታሰረ ሰው ሻወር ሲወስድም ፌስታል የሚተካው የለም፣ ከላይ በፕላስተር ጠበቅ ማድረግ ነው።

ጽሁፋችሁ ላይ ጭራሽ ያልተነሳውና እኔን ያናደደኝ ግን የጥንቃቄው ነገር ነው። ህጻን ያለበት ቤት ፌስታል ተከማችቶ በቀላሉ የሚገኝ ቦታ አይቀመጥም፣ አፍና አፍንጫ ላይ ተለጥፎ ያፍናል፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ቋጥሮ ከፍ ያለ ቦታ ማድረግ ነው። እሳት ማያያዣ ይሆናል የሚሉም አሉ፣ ጭሱን ቤት ውስጥ የሚተነፍሰው ማን ሊሆን ነው? ምግብም ቢሆን ትኩሱን በቀጥታ አትጨምሩበት፣ ቀለም የታተመበትን ፌስታል ገልብጣችሁ ምግብ መጠቅለሉም ይቅር። "ይበሰብሳል" ተብሎ የተጻፈበትን ደግሞ ለልብስና ለዶክመንት ማስቀመጫ አታድርጉት፣ አንዳንዱ ከጊዜ በኋላ ብትንትን ብሎ ይጠብቃችኋል። እንዲህ የሚበጣጠሰውን ኦክሶ የሚባለውን ዓይነት የአውሮፓ ህብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከገበያ ያስወጣውም ብጥስጣሹ ሳይጠፋ አፈርና ውሃ ውስጥ ስለሚቀር ነው።

ቦታ ካላችሁ የቀለበቱን አቋጣጠር በሚቀጥለው እትም በስዕል ብታወጡት ጥሩ ነበር፣ እኔ በቃል ሞከርኩ እንጂ እሱ ነገር በአይን ካልታየ ያደናግራል።

ከሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ