የለመድነውን ስንለቅ

የተወደዳችሁ የጸሎት ኅብረታችን አባላት፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ።

ከመካከላችሁ ሥራ የምትቀይሩ፣ ለዓመታት የኖራችሁበትን ቤት የምትለቁ፣ ልጅ ወደ ሩቅ አገር የምትሸኙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰሞኑን ስለ እናንተ ስጸልይ አብርሃም ከልቤ አልወጣም። ያን ጊዜ ገና አብራም ይባል ነበር። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነው፤ ሰው አርፎ መቀመጥ በሚፈልግበት ዕድሜ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን በኢያሱ ምዕራፍ 3 ያለው፣ እስራኤል የዮርዳኖስን ወንዝ የተሻገሩበት ታሪክ ነው። ወቅቱ መከር ስለነበር ወንዙ እስከ ዳሩ ሞልቷል። ውኃው የቆመው ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት እግራቸው ውኃውን ከነካ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ አልቆመላቸውም። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ወንዙ እስኪጎድል ብዬ ዳር ላይ ብዙ ዓመት ቆሜአለሁ።

የለመዱትን መናፈቅ በራሱ ኃጢአት አይመስለኝም። እስራኤልም በምድረ በዳ የግብፅን ዓሣና ሽንኩርት ናፈቁ፤ የሚያሳዝነው ባርነቱን መርሳታቸው ነው። ስለዚህ የምታለቅሱ አልቅሱ፣ ፍርሃታችሁንም ሳትሸፍኑ ለእግዚአብሔር ንገሩት። መና የሚወርደው ለዕለቱ የሚበቃ ያህል ነበርና የዓመቱን ጉልበት ዛሬ አትፈልጉ።

በሚቀጥለው የጸሎት ጊዜያችን እያንዳንዳችሁ ለመልቀቅ የከበዳችሁን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ። መናገር የማትፈልጉ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ አብረናችሁ እንጸልያለን።